ስም ያለው ቁጥር፦ የኮንስታንት ልማድ ከየት መጣ?

ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ኮንስታንት ላይ ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ ፈጠን ይላሉ። ቫሪያብል ዋጋው የሚለዋወጥ ነው፣ ኮንስታንት ደግሞ አንዴ የተሰጠውን ዋጋ ይዞ የሚቀር ነው ይሉና ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ያልፋሉ። ጀማሪው ከዚህ የሚይዘው ኮንስታንት የተቆለፈ ቫሪያብል መሆኑን ብቻ ነው። ወዲያውም ተገቢ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ዋጋው የማይለወጥ ከሆነ ቁጥሩን በሚያስፈልግበት ቦታ እንዳለ ብጽፈው ምን ይጎድላል? ለዚህ ጥያቄ ከትርጓሜው ይልቅ ታሪኩ የተሻለ መልስ አለው። የሰው ልጅ ያበጃቸው የስሌት ዘዴዎችና መሣሪያዎች ቋሚ ቁጥር ሳይዙ ሠርተው አያውቁም፤ ለቋሚው ቁጥር ስም ማውጣት ግን ማሽን የጠየቀው ነገር ሆኖ አያውቅም። ስሙን የፈለገው ሰው ነው፤ ያውም ከጸሐፊው ይበልጥ ከእሱ በኋላ መጥቶ ስሌቱን የሚያነበው፣ የሚያርመውና ለሌላው የሚያስተላልፈው ሰው። ስለዚህ የኮንስታንት ዋና ቁም ነገር ስሙ ነው፤ መቆለፉ ስሙን ለመጠበቅ ኋላ የመጣ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ጀማሪ በየትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ቢጽፍ አይቸገርም፤ ያልያዘው ግን መቆለፊያውን ቢያውቅም ጥቅሙን አያገኝም።

ልማዱ ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ለአማርኛ አንባቢ ቅርቡ ማስረጃ ባሕረ ሐሳብ ነው። አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ለማውጣት የሚያገለግለውን ይህን የስሌት ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ትምህርቱን እንደ ፕሮግራም ብናየው መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ቋሚ ቁጥሮቹ ሁሉ ስም ያላቸው መሆኑ ነው። 7 ዐውደ ዕለት፣ 30 ዐውደ ወርኅ፣ 28 ዐውደ ፀሐይ፣ 19 ዐውደ አበቅቴ፣ 76 ዐውደ ማኅተም፣ 532 ዐውደ ቀመር ይባላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5500 ዓመት ዓመተ ፍዳ ይባላል። ጥንተ አበቅቴ 11፣ ጥንተ መጥቅዕ ደግሞ 19 ነው። እያንዳንዱ የሳምንት ቀንና እያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ በዓል ተውሳክ የተባለ የራሱ ቁጥር አለው። አንዱ ቁጥር ከሌላው የተገኘ ሲሆንም ዝምድናው አብሮ ይነገራል፤ 76 የ19 አራት እጥፍ ነው፣ 532 ደግሞ የ76 ሰባት እጥፍ። 11 የተገኘው 365 ቀን ካለው የፀሐይ ዓመት 354 ቀን ያለው የጨረቃ ዓመት ሲቀነስ ነው፤ ከ30 ላይ 11 ሲነሣ 19 ይቀራል። ትውፊቱ የእነዚህን ሁለት ቁጥሮች ምንጭ በሌላም መንገድ ያስጠናል፤ ድሜጥሮስ ከሌሊት 23 ሱባኤ፣ ከቀን 7 ሱባኤ ገብቷል፤ 23 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ሲካፈል) 11፣ 7 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል። ተማሪው ቁጥሩን፣ ስሙንና መነሻውን አንድ ላይ ይዞ ይወጣል።

ስሙ ምን እንደሚሠራ ለማየት የ2017 ዓ.ም.ን ፋሲካ ማውጣት ይበቃል። 5500ና 2017 ሲደመሩ 7517 ይሆናሉ። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት የሚቀረው 11 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በጥንተ አበቅቴ ሲባዛ 121 ይመጣል፤ በ30 ሲገደፍ የዓመቱ አበቅቴ 1 ሆነ። ወንበሩ በጥንተ መጥቅዕ ሲባዛ ደግሞ 209 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29ና 4 ተደምረው ከ30 የተረፈው 3 መባጃ ሐመር ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ። በዚህ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። አሁን ስሞቹን አውጥተን ቁጥሮቹን ብቻ እንተው። 11 በ11 ተባዛ የሚል መስመር እናገኛለን። አንደኛው 11 በዚያ ዓመት ብቻ የደረሰ የወንበር ዋጋ ነው፤ በ2018 ዓ.ም. 12 ሆኗል። ሁለተኛው 11 ግን በማንኛውም ዓመት የማይነካ ጥንተ አበቅቴ ነው። 19ም ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚገደፍበት ዐውደ አበቅቴ፣ ቀጥሎ የሚባዛበት ጥንተ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ በመጠን አንድ ቢሆኑም ሥራቸው ለየቅል ነው። ማንኛውም የስሌት መሣሪያ ይህን ልዩነት ሳያውቅ ትክክለኛውን ቀን ያወጣል። ስሌቱን ለሚማር ሰው ግን ከስሙ ሌላ የሚለያቸው ነገር የለም።

ወደ ማሽን ስሌት ስንሻገር ቋሚ ቁጥር ስም ከማግኘቱ በፊት ቦታ አግኝቶ እናየዋለን። ቻርልስ ባቤጅ በነደፈውና ተሠርቶ ባላለቀው አናሊቲካል ኢንጅን ላይ አዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመችው ማስታወሻ የበርኑሊ ቁጥሮችን ለማስላት የሚያስፈልገውን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዟል። በሠንጠረዡ የማሽኑ ዓምዶች በሦስት ተከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መነሻ መረጃ የተያዘባቸው ናቸው፤ በእነሱ ላይ 1፣ 2 እና የሚፈለገው ተራ ቁጥር ተቀምጠዋል። ቀጥለው የሥራ ዓምዶች፣ በመጨረሻም የውጤት ዓምዶች አሉ። 1ና 2 ለብቻቸው ዓምድ መያዛቸው ዛሬ ብክነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ንድፍ አንድ ቁጥር ከዓምዱ ሲነበብ ዓምዱ ወደ ዜሮ እንዲመለስ፣ አለዚያም ቁጥሩን ይዞ እንዲቆይ የሚያዙ የተለያዩ ካርዶች ነበሩ። ቋሚነት በትእዛዝ የሚገኝ ነገር ነበረ ማለት ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የቀረበው ኤኒያክም ቋሚ ቁጥሮችን ለሌሎቹ ክፍሎች የሚያቀብል ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ ቁጥሮቹ ከተበሱ ካርዶች ይነበቡ ወይም በእጅ በማብሪያ ማጥፊያ ይሞሉ ነበር። በሁለቱም ማሽኖች ቋሚው ቁጥር የታወቀ መቀመጫ አለው። ምንነቱ ግን የሚገኘው በወረቀቱ ላይ ወይም በባለሙያዋ አእምሮ ውስጥ ነው።

የፕሮግራም ቋንቋዎች ሲመጡም ስሙ ወዲያው አልመጣም። የአይቢኤሙ ጆን ባከስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ፎርትራን ለቫሪያብል ስም ይሰጥ ነበር፤ ቋሚ ቁጥር ግን በየቀመሩ ውስጥ እንዳለ ይጻፋል። ከዚያ ዘመን ለመምህራን ጠቃሚ የሆነ አንድ ክፉ ስህተት ተርፏል። በቀደሙት የፎርትራን ኮምፓይለሮች አንድ ንዑስ ፕሮግራም ሲጠራ የሚቀበለው ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ የተቀመጠበትን የማስታወሻ አድራሻ ነበር። ኮምፓይለሩ ደግሞ በየቦታው የተጻፈውን 4 ሁሉ በአንድ አድራሻ ሊያኖረው ይችል ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው 4ን አስረክቦ ንዑስ ፕሮግራሙን ቢጠራና ንዑስ ፕሮግራሙ በተቀበለው ላይ አዲስ ዋጋ ቢጽፍ፣ ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ 4 ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ሌላ ቁጥር ሆኖ ይቆጠራል። ለማንም ግልጽ የሚመስለው ጥሬ ቁጥር ራሱ ለማሽኑ የማስታወሻ ሕዋስ ብቻ እንደነበር ይህ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960 ዝርዝሩ የወጣው ኮቦል በበኩሉ ለዜሮና ለባዶ ቦታ በቃል የሚጻፉ ቋሚዎች አበጀ፤ የቢሮ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ፕሮግራሙን እንዲያነቡት ይፈለግ ስለነበር ነው። እዚህም ስም የተሰጠው ለአንባቢ ሲባል ነው። ፎርትራን ራሱ ለቋሚ ቁጥር ስም የሚሰጥ መግለጫ በመደበኛ ዝርዝሩ ያገኘው በፎርትራን 77 ነው፤ ከተወለደ 20 ዓመት ገደማ አልፎት።

ስሙን የትምህርቱ መጀመሪያ ያደረገው የስዊዘርላንዱ ኒክላውስ ቪርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ያዘጋጀው ፓስካል ሲነደፍ ትልቁ ዓላማው ማስተማር ነበር። በፓስካል የሚጻፍ ፕሮግራም ቋሚዎቹን የሚያስተዋውቀው ከቫሪያብሎቹ በፊት፣ በመግቢያው ላይ ነው። ቋንቋው ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ሆኖ ሳለ ቋሚዎችን ማስቀደሙ፣ ኮንስታንት የላቀ ደረጃ ትምህርት ነው ለሚሉ ሁሉ ጠንካራ መልስ ነው። በዚያው ዘመን በቤል ቤተ ሙከራ ዴኒስ ሪቺ የሠራው ሲ የተባለው ቋንቋ ሌላ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1978 ብራያን ከርኒሃንና ሪቺ ያሳተሙት የሲ መማሪያ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ የሚለውጥ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ከ0 እስከ 300፣ በ20 በ20 እየዘለለ። ደራሲዎቹ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ካሳዩ በኋላ ሦስቱን ቁጥሮች ከመስመሮቹ መካከል አውጥተው ከፕሮግራሙ አናት ላይ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና እርምጃው የሚል ስም በትልልቅ ፊደላት ይሰጧቸዋል። ልብ መባል ያለበት የአሠራሩ ውስጥ ነው። ስሞቹን የሚያስተናግደው ከኮምፓይለሩ የሚቀድም ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ስም ባገኘበት ሁሉ ቁጥሩን ይተካና ለኮምፓይለሩ ያስረክባል። ኮምፓይለሩ ስሙን ጨርሶ አያየውም። ስም ያለውና ስም የሌለው ፕሮግራም ወደ ማሽኑ ሲደርሱ አንድ ናቸው። ስሙ የሰው መሆኑን ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

በሲ በኩል መቆለፊያው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ብያርነ ስትሮስትሩፕ ሲ ፕላስ ፕላስን ሲያዳብር፣ አንድ ስም የያዘውን ዋጋ ማንም እንዳይነካው ኮምፓይለሩ የሚከለክልበትን መንገድ አስገባ፤ አሳቡ ወደ ሲም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1989 በጸደቀው የአሜሪካ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ቋንቋዎች በመቆለፊያው ላይ አንድ አልሆኑም። ጃቫ ለዚሁ ሥራ ሌላ ቃል መረጠ። በ1995 የወጣው ጃቫስክሪፕት መደበኛ የኮንስታንት መግለጫ እስኪያገኝ 20 ዓመት ቆየ፤ ያም ቢሆን የሚቆልፈው ስሙ ከዋጋው ጋር ያለውን ትስስር ነው፤ ዝርዝር ወይም ኦብጀክት ከሆነ ውስጡ ይለወጣል። ፓይተን እስከ ዛሬ ይህን ዓይነት መቆለፊያ በቋንቋው ውስጥ አላስገባም፤ የአጻጻፍ መመሪያው ኮንስታንት በትልልቅ ፊደላት ይጻፍ ይላል፣ ቀሪው ለጸሐፊዎቹ ጨዋነት የተተወ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቋንቋ ያለ መቆለፊያ መኖር መቻሉ የክብደቱን ልክ ይነግረናል። መቆለፊያው ጥሩ ዘበኛ ነው፤ የሚጠብቀው ስም ከሌለ ግን ሥራ የለውም።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለው አንደኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ፓይ ያው ፓይ ነው፤ ሳምንት 7 ቀን ነው፤ እንዲህ ያለውን ቁጥር ስም ሰጥቶ በአንድ ቦታ ማኖር ለማይመጣ ለውጥ መዘጋጀት አይደለም ወይ? ፓይ በእርግጥ አይለወጥም። በፕሮግራም ውስጥ የምንጽፈው ግን የፓይን ቅጂ ነው፤ ቅጂ ደግሞ ይሳሳታል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሻንክስ እ.ኤ.አ. በ1873 የፓይን 707 የአስርዮሽ ቤቶች በእጁ አስልቶ አሳተመ። በ1937 በፓሪስ በተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ እነዚሁ አኃዞች በአንድ ክብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተጻፉ። በ1940ዎቹ ፈርጉሰን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ስሌቱን ሲፈትሽ ከ528ኛው ቤት ጀምሮ ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ የግድግዳው ጽሑፍም በ1949 ታረመ። ስህተቱ በአንድ የታወቀ ግድግዳ ላይ ስለነበር አንዴ ማረም በቃው። በአንድ ፕሮግራም ሠላሳ ቦታ ላይ በእጅ የተጻፈ ፓይ ግን ሠላሳ ጊዜ የመሳሳት ዕድል አለው፤ አንዱ ቦታ ላይ ሁለት አኃዞች ቢቀያየሩ ፕሮግራሙ ሳይቆም፣ ማስጠንቀቂያም ሳይሰጥ የተሳሳተ መልስ ሲያወጣ ይኖራል። የተፈጥሮ ቋሚዎችም ቢሆኑ በእኛ መዝገብ ላይ ሲሻሻሉ ኖረዋል። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ በትክክል 299,792,458 ሜትር ነው ተብሎ የተደነገገው በ1983 ነው፤ የፕላንክ ቋሚ ደግሞ በ2019 ኪሎግራም እንደገና ሲተረጎም የማያሻማ ዋጋ ተቆረጠለት። ከዚያ በፊት ልኬቱ በተሻሻለ ቁጥር የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይለወጡ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። ሕግ የሚወስነው ቁጥር ይለወጣል፤ የሚለወጥን ነገር ኮንስታንት ብሎ መጥራት ራስን ማታለል አይሆንም? የኢትዮጵያ የደመወዝ ግብር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ ጣሪያ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ 150 ብር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ 2,000 ብር ደረሰ። ይሁን እንጂ አንድ የደመወዝ ፕሮግራም የአንድን ወር ክፍያ በሚያሰላበት ጊዜ ጣሪያው ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ነው፤ በመካከል የሚለውጠው ማንም ሊኖር አይገባም። ኮንስታንት የሚለው ቃል ቃል ኪዳን የሚገባው ስሌቱ ለሚካሄድበት ጊዜ ነው። አዋጁ ሲለወጥ ደግሞ ስም የተሰጠውን አንድ መስመር ማረም ይበቃል። ስም ባልተሰጠበት ፕሮግራም ውስጥ ግን አራሚው 600ን ሁሉ መፈለግ አለበት፤ ያገኘው 600 የግብር ጣሪያ ይሁን፣ የትራንስፖርት አበል ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን እያንዳንዱን እያነበበ መለየት አለበት። ዓለም ይህን በትልቁ የተማረው ወደ 2000 እ.ኤ.አ. በተቃረበበት ጊዜ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ዓመትን በሁለት አኃዝ ይይዙ ነበር፤ ከፊት ያለው 19 ስም ሳይኖረው በየመስመሩ ተቀብሮ ወይም ሳይጻፍ ታስቦ ቀርቶ ነበር። በየአገሩ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ዓመታት የፈጀ ፍተሻ ያካሄዱት ያንን ምዕተ ዓመት ከተደበቀበት ለማውጣት ነበር። የችግሩ ሥር ማስታወሻን ለመቆጠብ ዓመትን ማሳጠር ነው፤ ፍለጋውን ያን ያህል አድካሚ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ግን የሚፈለገው ነገር የሚጠራበት ስም ማጣቱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመምህራን ነው፤ ጀማሪ ላይ ብዙ ደንብ አይጫን፣ አሥር መስመር ለሆነ ፕሮግራም ስም ማውጣት ድካም ነው ይላሉ። በዚህ ላይ ልማዱ ያለ አስተዋይነት ሲያዝ አስቂኝ ይሆናል፤ 7ን ሰባት ብሎ የሚሰይም ተማሪ ፕሮግራሙን አስረዘመ እንጂ አላብራራም። ሁለተኛው ነጥብ እውነት ነው፤ የሚያፈርሰው ግን መጥፎ ስምን ነው። ባሕረ ሐሳብ 19ን ዐሥራ ዘጠኝ ብሎ አልሰየመም፤ በአንድ ቦታ ዐውደ አበቅቴ፣ በሌላው ጥንተ መጥቅዕ ያለው ሥራውን አይቶ ነው። የቁጥሩን መጠን የሚደግም ስም ትርፍ ነው፣ ሥራውን የሚናገር ስም ግን ዕውቀት ነው። ስለ ድካሙ የሚነሣው ነጥብ ደግሞ ጀማሪ የሚቸገርበትን ቦታ ይስታል። ጀማሪ ከመጻፍ ይልቅ የሚከብደው ማንበብ ነው፤ የመምህሩን ምሳሌ ያነባል፣ ባለፈው ሳምንት የጻፈውን ያነባል፣ የጓደኛውን ያነባል። ከፊቱ 0.07 የሚል ቁጥር ሲያገኝ ግራ ይጋባል፤ የጡረታ መዋጮ የሚል ስም ሲያገኝ ግን ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ኮዱን ሳይጨርስ ይገምታል። ስለዚህ ስም ማውጣት በጀማሪው ላይ የሚጨመር ሸክም ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ስሙ ካልወጣ የቁጥሩን ትርጉም በራሱ ጭንቅላት መሸከም ያለበት እሱ ነው።

ይህ ታሪክ ለማስተማሪያ የሚተርፈው ውጤት ግልጽ ነው። ኮንስታንት ለጀማሪ መቅረብ ያለበት በመቆለፊያ ቃሉ ሳይሆን በማንበብ ነው፤ ስም የሌላቸው ቁጥሮች የሞሉበት አጭር ፕሮግራም ይሰጠውና የእያንዳንዱን ቁጥር ሥራ አውቆ ስም ያውጣለት። ከሌላ ቁጥር የተገኘውን ቁጥር በዝምድናው ይጻፈው፤ 19ን እንዲሁ ከማስቀመጥ ከ30 ላይ ጥንተ አበቅቴ ሲቀነስ የሚገኝ አድርጎ ያስቀምጠው። ቁጥሩ ከሕግ፣ ከልኬት ወይም ከስምምነት የመጣ እንደሆነ በአጠገቡ ያስታውስ፤ ሕግ የሰጠው ሊሻር፣ ልኬት የሰጠው ሊሻሻል እንደሚችል ይወቅ። ለአማርኛ ተማሪዎች ባሕረ ሐሳብ ለዚህ የተመቸ መልመጃ ነው፤ የሚጻፈው ፕሮግራም ከሃያ መስመር ብዙም አይበልጥም፣ ውጤቱም ከማንኛውም የቀን መቁጠሪያ ጋር ይመሳከራል፤ ለ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4ን ካላወጣ ስህተት አለበት። መቆለፊያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ተማሪው ያኔ የሚቆልፈውን ነገር ምንነት ያውቃል፤ መቆለፊያ በሌለው ቋንቋ ሲጽፍም እጁን ከቁጥሩ ላይ የሚያነሣው ኮምፓይለር ስለከለከለው ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚያነበው ሰው ቃል ስለገባ ይሆናል።